ወ/ሮ ሥራዬ መልከጸዴቅ እና ከባሕሩ በታች ያለው ተራራ

ወይዘሮ ሥራዬ መልከጸዴቅ ከአባታቸው ከአቶ መልከጸዴቅ ይመር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የኔነሽ ሙሔ፣ በወሎ፣ በሐይቅ ከተማ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1967 ዓ.ም ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ እናታቸው አቅፈዋቸው “ይህችን አልሰጥም” እያሉ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ ከቤት እንዳላወጧቸው ይነገራል።

አባታቸው በገበያው ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከሐይቁ ዓሣ የሚያወጡ ሰዎች የተቀደደ ሸራቸውንና ጆንያቸውን ሊያሰፉ ወደ ሱቃቸው ይመጡ ነበር። ሰው ሁሉ “ዛሬ ስንት ያዛችሁ?” ብሎ ሲጠይቃቸው፣ የስፌት መኪናው ሥር ተቀምጠው ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚለቅሙት ሕፃኗ ሥራዬ ግን “ስንት ቀረ?” ይሉ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ቢቸግራቸው “የቀረውን ማን አይቶት፣ አንቺ ነገረኛ! ገብተሽ ቁጠሪያ!” ብለው እንደ መለሱላቸው፣ አቶ መልከጸዴቅ እስኪሞቱ ድረስ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው ሐይቅ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በደሴ ከተከታተሉ በኋላ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1989 ዓ.ም በባዮሎጂ ተመረቁ። ከዚያም በኮምቦልቻ አስተማሩ። ተማሪዎቻቸው የሚያስታውሷቸው በአንድ ነገር ነው። ጥያቄ የመለሰን ልጅ “ልክ ነህ” ከማለታቸው በፊት “እንዴት አወቅህ?” ይሉት ነበር። ልክ የመለሰውም ልጅ ደንግጦ መልሱን የሚቀይርበት ጊዜ ነበር።

በ1994 ዓ.ም የዲቪ ዕድል ደርሷቸው ወደ ሲያትል መጡ። ሲመጡ የያዙት የአንዲት የአገራቸው ልጅ ስልክ ብቻ ነበር። እሳቸውም ዛሬ በመካከላችን ያሉት ወይዘሮ ኡሙልኸይር ሑሴን ናቸው። ሁለቱ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ በሲታክ፣ በአንድ አፓርታማ፣ በአንድ መኝታ ቤት፣ ከወይዘሮ ኡሙልኸይር ጨቅላ ልጅ ጋር አብረው ኖሩ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ ነበረ፤ የአንዷ ሥጋ ከሌላዋ ሳይነካካ፣ የአንዷ ቃል ከሌላዋ ሳይጋጭ ኖሩ። አንዷ ስትጾም ሌላዋ ምሳዋን መኪና ውስጥ ትበላ ነበር። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ኋላ በዋይት ሴንተር የቅመማ ቅመም ሱቅ ከፍተው ከዚያ ቤት ቢወጡም፣ እህትማማችነታቸው እስከ መጨረሻዋ ቀን አልላላም።

ወይዘሮ ሥራዬ መጀመሪያ የሠሩት በአውሮፕላን ማረፊያው የመኪና ማቆሚያ፣ በመውጫው በር ላይ ነው። በዚያች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ መኪና በሌለበት ሰዓት ስለ ባሕር ፍጥረታት የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ያነቡ ነበር። በዚያ በር ታክሲያቸውን ይዘው የሚመላለሱት አቶ ሀይለየሱስ ደርሶ ነገሩ ከነከናቸውና አንድ ቀን መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ።

“እህቴ፣ ይሄ መጽሐፍ አያልቅም እንዴ? ክረምት ገብቶ ወጣ!”

“ዓሣው ብዙ ነው፤ ምን ላድርግ?”

“እኔኮ ሙሉውን አላልኩም። እስካሁን ያነበብሽውን ንገሪኝ።”

ከኋላ የተሰለፉት መኪናዎች ጥሩንባ እስኪነፉ ድረስ ተነጋገሩ። ጥር 1997 ዓ.ም በዚሁ በሲያትል በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ሚካኤልን፣ ሁላችንም ሚኪ የምንለውን፣ በ1999፣ ሚሪያምን በ2002 ዓ.ም ወለዱ። ቤታቸውንም ወደ ሾርላይን አዛወሩ።

ትምህርቱንም አልተዉትም። ቀን እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተሻግረው በዓሣ ሀብት ጥናት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ገና በትምህርት ላይ ሳሉ በ2000 ዓ.ም አንድ የባሕር ምርምር ተቋም ቀጠራቸው፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም የሠሩት እዚያው ነው።

ሥራቸውን ብዙዎቻችን “ዓሣ መቁጠር” እያልን ስንጠራው ኖረናል። እሳቸውም አይቀየሙም ነበር። ነገር ግን ምን ይሠሩ እንደ ነበር በዛሬው ቀን በደንብ ሊነገርላቸው ይገባል።

በሰፊው ውቅያኖስ መካከል ደሴቶች አሉ። ደሴት መሆን ያልቻሉ፣ ጫፋቸው ከውኃው በላይ ሳይወጣ የቀረ ተራሮችም አሉ። ከላይ ሲታይ ውኃ ብቻ ነው፤ ከታች ግን ገደል፣ ሸንተረርና ሜዳ ያለው አገር ነው። ፀሐይ የማይደርስበት ይህ አገር የራሱ ነዋሪዎች አሉት። የወይዘሮ ሥራዬና የባልደረቦቻቸው ሥራ በየደሴቱና በየተራራው ጥግ፣ በየጥልቀቱ፣ የትኛው ዓሣ ከየትኛው ጋር እንደሚኖር፣ ስንት እንደሆነና እየበዛ ነው ወይስ እያነሰ የሚለውን ማጥናት ነበር።

ጠላቂ ሰው እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ካሜራና መብራት የታሠረበት የብረት ቋሚ ከመርከብ ይወርዳል። ከካሜራው ፊት የተከተፈ ዓሣ በዕቃ ተደርጎ ይንጠለጠላል። ሽታውን የተከተለ ሁሉ ወደ መብራቱ ይመጣል። ሰዓቱ ሲደርስ ከመርከቡ የድምፅ ምልክት ይላክና ቋሚው ክብደቱን ጥሎ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ቪዲዮውን ማየት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ዓሣ ሄዶ ሊመለስ ስለሚችል ያለፈው ሁሉ አይደመርም፤ በአንድ ቅጽበት አብረው ከታዩት ትልቁ ቁጥር ብቻ ይመዘገባል። ቋሚዎቹም እርስ በርሳቸው በጣም ተራርቀው መቀመጥ አለባቸው። ከተቀራረቡ የውኃው ፍሰት የአንዱን ሽታ ወደ ሌላው ያደርሰውና ከዚህ በልቶ የሄደው ዓሣ እዚያም ይመጣል።

በ2003 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባሕር ሲወጡ ሚሪያም ገና ጡት የጣለች ነበረች። በቤተ ክርስቲያን ግቢ “ባሏን ጥላ ዓሣ ልትቆጥር ሄደች” የሚል ወሬ ነበር። አቶ ሀይለየሱስ ይህን ሲሰሙ “ቆጥራ ስትመጣ የእናንተን ድርሻ ትነግራችኋለች” ብለው ያልፉ ነበር። በቤት ግን ቀላል አልነበረም። ሚኪ በየማታው ሳህኑን ዓይቶ “ዳዲ፣ ፓስታ አጌን?” ሲል፣ አባትየው “እናትህ ባሕር ላይ ምን እየበላች ይመስልሃል?” ይሉት ነበር። እውነትም ወሩ ነሐሴ፣ ጾሙ ፍልሰታ ስለ ነበር ወይዘሮ ሥራዬ መርከቡ ላይ ዳቦና ድንች ሲበሉ ነው የከረሙት። ሲመለሱ ወይዘሮ ኡሙልኸይር በሣቅ ፈነዱ።

“ዓሣ ሲመለከቱ ውሎ ድንች መብላት! ሥራዬ፣ አንቺስ ጾሙን ከነፈተናው ነው የጾምሽው።”

ከጎበኟቸው ቦታዎች ሁሉ አንድ ተራራ ልባቸውን ይዞት ነበር። ስም የለውም፤ ቤታቸው ውስጥ “ተራራው” ከተባለ እሱ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ትልልቅ መርከቦች ጫፉን በከባድ መረብ ጠርገውት ነበር። እዚያ ይኖር የነበረው ትልልቅ ዓይን ያለው ቀይ ዓሣ ሊጠፋ ሲቃረብ፣ ቦታው እንዳይጠመድበት ተዘጋ። ጥያቄው ታዲያ አንድ ነበር። ዓሦቹ ተመልሰዋል ወይ? ወይዘሮ ሥራዬ ይህን ማወቅ እንደሚፈልጉ፣ ያንንም ራሳቸው ጉዞውን መርተው ማየት እንደሚፈልጉ ከልጅ እስከ አዋቂ ያልነገሩት ሰው አልነበረም።

ነሐሴ 2011 ዓ.ም ወደ ተራራው ሄዱ። ቋሚዎቹ የት የት እንደሚወርዱ የመወሰን ኃላፊነት የእሳቸው ነበር። ባሕሩ ግን ክፉ ሆነ፤ የመርከቡ ጊዜ በማዕበል አለቀ። ባዶ እጅ ከመመለስ ብለው ቋሚዎቹን ከወትሮው አቀራርበው አወረዷቸው። በመካከል ያለው ሸንተረር ሽታውን ያግደዋል ብለው አስበው ነበር።

ቪዲዮው ሲታይ ቀዩ ዓሣ በየቋሚው ፊት ተሰብስቧል። በ2013 ዓ.ም የወጣው ሪፖርት ዓሦቹ ወደ ተራራው እየተመለሱ ነው አለ፤ ከላይ የተጻፈውም ስም የወይዘሮ ሥራዬ ነበር። በዚሁ ምክንያት ተራራውን እንደገና ለዓሣ አጥማጆች የመክፈት ሐሳብ ተነሣ። ለእሳቸው ደግሞ ሲጠብቁት የኖሩት መጣላቸው። የ2014 ዓ.ም የክረምቱን ጉዞ እንዲመሩ ተሾሙ።

አቶ ሀይለየሱስ ደስታቸውን መያዝ አልቻሉም። ለዳግማ ትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ምሽት፣ በሾርላይን አዳራሽ ተከራይተው ዘመድ ወዳጁን ሁሉ ጠሩ። “ሰዉ ምን እንደምትሠሪ አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ ይይ” ብለውም፣ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የሚታይ ቪዲዮ እንዲያዘጋጁ አጥብቀው ለመኗቸው።

ወይዘሮ ሥራዬ ለድግሱ የሚያምረውን የቪዲዮ ክፍል መምረጥ የጀመሩት በሰሙነ ሕማማት ነበር። ከሁሉ ያማረውን አንድ ትልቅ ቀይ ዓሣ አገኙ። የታችኛው መንጋጋው ላይ የቆየ የመንጠቆ ጠባሳ፣ ጉንጩ ላይ ነጭ ነጥብ አለው። ቁርጥራጩን ጎንተል አድርጎ ዘወር ሲል ደስ ይላል። ሁለተኛ የሚያሳዩት እንዲኖር የጎረቤቱን ቋሚ ቪዲዮ ከፈቱ። እዚያም ያው ጠባሳ፣ ያው ነጥብ ከጨለማው ብቅ አለ።

ሰዓቱን አስተያዩ። ከመጀመሪያው ቋሚ ወጥቶ ወደ ሁለተኛው እስኪመጣ ያለው ጊዜ፣ ሽታ ተከትሎ ለሚዋኝ ዓሣ የሚበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ሌሎቹንም መፈለግ ያዙ፤ ክንፉ የተቀደደውን፣ ወገቡ የጎበጠውን። እነሱም በሁለቱ ቦታ ነበሩ። ሸንተረሩ ሽታውን አላገደውም። ሪፖርቱ ላይ ብዙ ሆነው የተጻፉት ዓሦች ብዙዎቹ ከአንዱ መብራት ወደ ሌላው የሚሄዱ እነዚያው ጥቂቶች ነበሩ።

ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ቢናገሩ የሚመሩት ጉዞ ይቀራል፤ ስማቸውም ይነካል። ዝም ቢሉ ተራራው ይከፈታል፤ መረቡ የሚወርደው ደግሞ በነዚያ ጥቂቶች ላይ ነው።

ለባለቤታቸው የነገሯቸው በዓርብ ስቅለት፣ ከስግደት ሲመለሱ ታክሲው ውስጥ ነው። አቶ ሀይለየሱስ መንገድ ዳር ፓርክ አደረጉና ወደ እሳቸው ዞሩ።

“ሶ፣ ዓሦቹ የሉም ነው የምትዪኝ?”

“አሉ። የጻፍኩትን ያህል አይደሉም።”

“አለቃሽ ያውቃል?”

“ገና አልነገርኩትም።”

“ሥሬ፣ እኔኮ አገር ምድሩን ጠርቻለሁ። ኡሙልኸይር ሥጋ አዝዛለች። ከድግሱ በኋላ ብትነግሪውስ? አንድ ሳምንት ምን ይለውጣል?”

“ሰዉ እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ ምን ብዬ ልመልስ?”

አቶ ሀይለየሱስ ሞተሩን አስነሥተው ወደ ቤት ነዱ። እሳቸው እንደሚሉት፣ መኪናውን አቁመው ሲወርዱ “እንግዲህ ጉልበቴ በስግደት አልቋል፤ አሁን ካንቺ ጋር የምከራከርበት የለኝም” አሏቸው። ፈቃዳቸው መሆኑን ወይዘሮ ሥራዬ ገባቸው።

የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ፣ ወደ አለቃቸው ወደ ሮቢ ቢሮ ገቡ። ሮቢ ብዙ ዓመት አብሯቸው ባሕር የወጣ፣ የሚያከብራቸው ሰው ነው። ሁለቱን ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ሲያሳዩት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

“ሥራዬ፣ ይህን ከላክሽው መርከቡን ለአንቺ መስጠት አልችልም። የላይኞቹ አይሰሙኝም።”

“አውቃለሁ።”

“ክረምት ላይ ራስሽ ሄደሽ በትክክል ብታዪውና ያን ጊዜ ብናርመውስ?”

“እስከዚያ ከፍተውት መረብ ቢያወርዱበትስ?”

ሮቢ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ዛሬ በመካከላችን ስለሚገኝ በፊቱ መናገር ይቻላል፦ እርማቱ ላይ የራሱንም ስም ከስማቸው ሥር ጽፎ አብሮ ላከው።

ቅዳሜ ደረሰ። ድግሱ አልተሰረዘም፤ ወይዘሮ ሥራዬ “የተጠራ ሰው አይመለስም” አሉ። በአዳራሹ በአንድ ወገን ዶሮው፣ በሌላው ወገን ወይዘሮ ኡሙልኸይር ያሠሩት የእስላም ሥጋ በየድስቱ ተደርድሯል። ሰው ምግብ ከማንሣቱ በፊት ወይዘሮ ሥራዬ ብድግ አሉ። “የጠራናችሁ ለሹመቴ ነበር። ሹመቱ ቀርቷል። ተሳስቼ ነበር፤ ስህተቴን ሳገኘው ተናገርኩ። ጉዞውን ሌላ ሰው ይመራዋል” አሉና ቪዲዮውን አስከፍተው ያን ባለ ጠባሳ ዓሣ በሁለቱም ቦታ አሳዩ።

የመረዳጃ ማኅበራችን ሰብሳቢ የነበሩት አዛውንቱ አቶ አሕመድ ከወንበራቸው ተነሡ።

“ልጄ፣ እኔ አላወቅሁበትም። አሁን እንኳን ደስ ያለሽ ነው የምንለው ወይስ እግዜር ያጽናሽ?”

ወይዘሮ ሥራዬ ሊመልሱ ቢሞክሩ እንባቸው ቀደማቸው። ወይዘሮ ኡሙልኸይር ጭልፋቸውን እንደ ያዙ ከወዲያ ጮኹ።

“እንኳን ደስ ያለሽ በሏት እንጂ! ዓሣው በመረብ ሳይያዝ ተረፈ፣ እሷ በሐሰት ሳትያዝ ተረፈች። ደግሞ ወጡ በርዶብኛል፤ ተነሡና ብሉ!”

ሰው ሣቀ፤ እሳቸውም ሣቁ። ያን ቀን በሁለቱም ወገን ድስት ባዶ እስኪሆን ተበላ።

እርማቱ እንደ ወጣ ተራራውን የመክፈቱ ሐሳብ ተተወ፤ ተራራውም እንደ ተዘጋ ቀረ። ወይዘሮ ሥራዬ ግን ዋጋውን ከፍለዋል። በዚያ ክረምት መርከቡ በሌላ መሪ ሲነሣ እሳቸው ከወደቡ ወዲህ፣ በባለቤታቸው ታክሲ ውስጥ ሆነው አዩት። ማለዳው ቀዝቃዛ ስለ ነበር አቶ ሀይለየሱስ የመኪናውን ማሞቂያ ከፈቱላቸው። ከዚያ በኋላ ጉዞ የመምራት ዕድል ዳግመኛ አልመጣላቸውም። አልከፋኝም ብለውም አያውቁም። ሲጠየቁ “ከፍቶኛል፤ ግን አልጸጸተኝም” ይሉ ነበር።

በቀጣዮቹ ዓመታት በጥናት ቡድኑ ውስጥ እንደ ማንኛውም ባለሙያ ወደ ደሴቶቹ እየወጡ ሠሩ። አዲስ ለሚቀጠሩት ወጣቶች ቪዲዮ ማየትን የሚያስተምሩት እሳቸው ነበሩ፤ የመጀመሪያው ትምህርትም የራሳቸው ስህተት ነበር። ያን ባለ ጠባሳ ዓሣ በሁለቱ ቪዲዮ ያሳዩአቸውና “ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ። እናንተ ሌላ ስህተት ፈልጉ” ይሏቸው ነበር። ከነዚህ ወጣቶች አንዷ የወይዘሮ ኡሙልኸይር ልጅ ሳቢሪን ናት። ሳቢሪን ገና በጨቅላነቷ በሲታኩ አፓርታማ የወይዘሮ ሥራዬን መጽሐፍ ገጽ የቀደደች ልጅ ስትሆን፣ አድጋ በዚያው ሙያ ተመርቃ እሳቸው ጎን ተቀመጠች። “ሥራ ቦታ አክስቴ አትበዪኝ” ብለዋት ነበር፤ እሷ ግን አልሰማቻቸውም።

በቤታቸው ታጋሽ፣ ከጎረቤት ጋር ሰላምተኛ፣ ቤተ ክርስቲያን ከማንም በፊት የሚደርሱ ሰው ነበሩ። ድምፃቸው ለመዝሙር የማይሆን መሆኑን ራሳቸው ስለሚያውቁ ከኋላ ቆመው በከንፈራቸው ብቻ ይዘምሩ ነበር። ልጆቻቸውን በአማርኛ ሲያናግሩ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይመልሱላቸዋል። ሚሪያም “ማም፣ አይ ኖ!” ስትል “እንዴት አወቅሽ?” ማለታቸው አልቀረም።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም በጉበታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ። በሕክምና ላይ ሳሉም ቢሮ ይሄዱ ነበር። ነሐሴ ላይ መርከቡ እንደገና ወደ ተራራው የሚሄድበት ጊዜ ሲደርስ ግን ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ቋሚዎቹ የሚወርዱባቸውን ቦታዎች በአልጋቸው ላይ ሆነው ከሳቢሪን ጋር መረጡ። እያንዳንዱ ቋሚ ከሌላው የሚርቅበትን ርቀት ሁለቴ ሦስቴ አስለኩ። ሳቢሪን ሄደች።

በጥቅምት መጨረሻ ሳቢሪን ኮምፒውተሯን ይዛ ሆስፒታል መጣች። አቶ ሀይለየሱስ፣ ልጆቻቸውና ወይዘሮ ኡሙልኸይር በክፍሉ ነበሩ። ወይዘሮ ሥራዬ ትራሳቸው ከፍ እንዲልላቸው ጠየቁ። ቪዲዮው ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም፤ ባዶ አሸዋና የመብራቱ ጭጋግ ብቻ። ከዚያ ከጨለማው ጠርዝ ጣት የሚያህሉ፣ ዓይናቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ የሚመስሉ ትንንሽ ቀይ ዓሦች መጡ። እነዚያ የድሮዎቹ ትልልቅ ዓሦች አይደሉም። እነዚህ በቅርብ ዓመታት የተወለዱ ነበሩ።

“አክስቴ፣ አየሻቸው? ልጆች ናቸው!” አለች ሳቢሪን። “በአንዱ ቋሚ ብቻ አይደለም። ቼክ አድርጌዋለሁ፤ የቋሚዎቹ ሽታ እርስ በርስ አይገናኝም።”

“ድገሚልኝ።”

ደገመችላቸው። ወይዘሮ ሥራዬ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሡም። ወይዘሮ ኡሙልኸይር መታገሥ አልቻሉም።

“እሺ እንግዲህ፣ ተመለሱ ማለት ነው አይደል? በይ ልጄ፣ ተመልሰዋል ብለሽ ጻፊላትና ትረፍ!”

“እንዳትጽፊ” አሉ ወይዘሮ ሥራዬ። ድምፃቸው ደክሞ ነበር፤ ግን ሁሉም ሰምቷል። “ተመልሰዋል አትበዪ። አይተናቸዋል በዪ። ያየሽበትን ቦታ ጻፊ፣ ከዚያ ደግመሽ ሂጂ።”

“ኦኬ” አለች ሳቢሪን።

“ኦኬ አይደለም። እሺ በዪ።”

“እሺ፣ አክስቴ።”

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቪዲዮውን ሦስተኛ ጊዜ አስከፍተው ሲያዩ፣ አቶ ሀይለየሱስ እጃቸውን ይዘው “ደስ አለሽ?” ብለው ጠየቋቸው። ወይዘሮ ሥራዬም “ደስ ብሎኛል” አሉ። እንዴት እንዳወቁ የጠየቃቸው አልነበረም።

ወይዘሮ ሥራዬ መልከጸዴቅ ሥጋ ወደሙ ተቀብለው፣ ቤተሰባቸው በዙሪያቸው እንዳለ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሪፖርቱን ሳቢሪን ጽፋዋለች። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዳዘዟት ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ አንድም ቃል አልተጨመረበትም። ተራራውም እንደ ተዘጋ ነው።

ባለቤታቸውን አቶ ሀይለየሱስ ደርሶን፣ ልጆቻቸውን ሚካኤልንና ሚሪያምን፣ በሐይቅ ያሉትን እናታቸውን ወይዘሮ የኔነሽ ሙሔን፣ እንዲሁም በሥጋ ባይዛመዱም እህታቸው የሆኑትን ወይዘሮ ኡሙልኸይር ሑሴንንና ልጃቸውን ሳቢሪንን ትተውልን ሄደዋል። በሕመማቸው ወቅት ምግብ ያመጣችሁ፣ ሆስፒታል የጠየቃችሁ፣ ዛሬም ከሲታክና ከዋይት ሴንተር፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ ከጎናችን የቆማችሁ ሁሉ፣ ደስታችሁን የምንካፈልበት ቀን እግዚአብሔር ያምጣልን።

በጥልቁ ውኃ፣ ብርሃን በማይደርስበት ስፍራ፣ አንዱንም ሳይረሳ፣ አንዱንም ሁለት ጊዜ ሳይቆጥር ፍጥረቱን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ፣ የእህታችንን የወይዘሮ ሥራዬን ነፍስ ከቅዱሳኑ ጋር ይደምርልን። እኛ ባየነው ልክ መስክረንላቸዋል፤ ያላየነውን እሱ ያውቃል። አሜን።